ጡረታ የወጣ ወታደር በቅርስ ደጃፍ፦ የክብር ዘብነት በጎጃም ምን ይጠይቃል?

ለንደን ውስጥ «ታወር» በሚባለው ጥንታዊ ግንብ ደጃፍ በወርቅ ክር የተጠለፈ ቀይ ልብስ ለብሰው የሚቆሙ አዛውንት ወታደሮች ፎቶግራፍ በማኅበራዊ መገናኛው በተዘዋወረ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮት ይዞራል። የእኛዎቹ ወታደሮች ዕድሜያቸውን በምሽግ ጨርሰው ሲወጡ፣ በባንክ በርና በግንባታ አጥር ሥር ዱላ ታቅፈው ከሚያነጉ፣ ለምን እንዲህ ያለ የማዕረግ ሥራ አይሰጣቸውም? ጥያቄው በጎጃም ይበልጥ ይከብዳል። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉት ከተሞች በጥበቃ ሥራ ከተሰማሩት መካከል የቀድሞ ወታደር ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ሰፈርተኛው «ሃምሳ አለቃ» ወይም «ሻምበል» እያለ የሚያከብረው ሰው፣ ሥራ ቦታው ሲደርስ ስሙ «ጥበቃ» ብቻ ይሆናል።

ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ውይይቱ ሁልጊዜ ከልብሱ መጀመሩ ነው፤ ካባው ምን ይምሰል፣ ጎፈሩ ከምን ይሠራ፣ ጋሻ ይያዝ ወይስ ጦር። በሌላ አገር ይህን ሥራ ለዘመናት ያቆመው ግን ፈረቃው፣ ደመወዙ፣ መኖሪያ ቤቱና በቃል የተጠናው ታሪክ ነው። እነዚህ ሳይስተካከሉ ካባ የለበሰ ጡረተኛ በር ላይ ማቆም ያንኑ የጥበቃ ሥራ በሌላ ልብስ መቀጠል ይሆናል።

ሦስት ሥራ በአንድ ስም

በወሬው ላይ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይምታታሉ። የመጀመሪያው በሥራ ላይ ያለ ወታደር ሆኖ ለሥነ ሥርዓት የሚቆመው ነው። የውጭ አገር መሪ ቦሌ ሲወርድ ተሰልፎ የሚቀበለው የክብር ዘብ ከዚህ ወገን ነው። በአሜሪካ አርሊንግተን መካነ መቃብር የማይታወቀውን ወታደር መቃብር የሚጠብቁትም እንዲሁ ናቸው። እዚያ ዘቡ 21 እርምጃ ተራምዶ 21 ሰከንድ ቆሞ ይዞራል፤ ተራው በሞቃቱ ወራት በየግማሽ ሰዓቱ፣ በቀዝቃዛው በየሰዓቱ ይለወጣል። እነዚህ ወጣቶች ናቸው፤ ደመወዛቸውም ቀለባቸውም ሕክምናቸውም የጦሩ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛም ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ የተሟላ ተዋጊ ጦር ነበር፤ በ1943 ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የተውጣጣው ከእርሱ ነው።

ሁለተኛው አገልግሎቱን ጨርሶ፣ መሣሪያውን አስረክቦ፣ እንደ ሲቪል ሠራተኛ ተቀጥሮ በአንድ ታሪካዊ ቦታ የሚቆም የቀድሞ ወታደር ነው። የለንደን ታወሮቹ «ዮማን ዋርደር» የሚባሉት ዘበኞች የዚህ ምሳሌ ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ ንብረት ጠባቂው ነው፦ ሌሊት የሚያድር፣ በር የሚከፍት፣ ቦርሳ የሚፈትሽ።

ልዩነቱ የስም ብቻ ቢሆን ባላስጨነቀ። የመጀመሪያው በወታደራዊ ሕግ ይተዳደራል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በሥራ ውል ነው። የመጀመሪያው ታጥቋል፣ ሁለተኛው መታጠቅ አያስፈልገውም፣ ሦስተኛው እንደ ቦታው ነው። ጥበቃውን ለሌባ ነው የምንቀጥረው፣ የክብር ዘቡን ግን ለእንግዳ። ሁለቱን ሥራ በአንድ ሰው ላይ ለመጫን የሚሞክር አሠሪ ሁለቱንም ያጣል፤ ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረ ሰው ጠዋት ቀጥ ብሎ ቆሞ እንግዳ ሊቀበል አይችልም።

የለንደኑ ግንብ ዘበኞች አሠራር

ወደዚያ ሥራ ለመግባት ቢያንስ 22 ዓመት በጦሩ ማገልገል፣ ከመኮንንነት በታች ባለው የመጨረሻ የማዕረግ እርከን ላይ መድረስ፣ የረጅም አገልግሎትና የመልካም ጠባይ ሜዳሊያ መያዝ ያስፈልጋል። ቀጣሪያቸው ጦሩ አይደለም፤ ታሪካዊ ቤተ መንግሥቶችን የሚያስተዳድር የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ከነቤተሰባቸው በግንቡ ቅጥር ውስጥ ይኖራሉ፣ ለመኖሪያቸውም ኪራይ ይከፍላሉ። የመጀመሪያዋ ሴት የገባችው በ2007 በእነርሱ አቆጣጠር ነው።

የቀኑ ዋና ሥራ ጎብኚ ማስጎብኘት ነው። አዲስ ገቢ የግንቡን ታሪክ ከመነሻው እስከ መድረሻው በቃሉ አጥንቶ በነባሮቹ ፊት ሳይፈተን ቡድን አይመራም። ፎቶው ላይ የምናየው ቀይ ልብስ ደግሞ የየዕለቱ አይደለም። ለመንግሥታዊ በዓል ብቻ ይለበሳል፤ በዘወትር የሚለብሱት ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ቀይ ጥለት ያለበትን ነው። ውድ ልብስ በዝናብና በፀሐይ በየቀኑ ቢለበስ ቶሎ ያልቃል።

በየምሽቱ በእኛ አቆጣጠር ከሦስት ሰዓት ከ53 ጀምሮ የግንቡ በሮች የሚቆለፉበት «የቁልፎች ሥነ ሥርዓት» አለ። ዋናው ዘበኛ ፋኖስና ቁልፍ ይዞ ይሄዳል፤ ጠመንጃ የያዙት አብረውት የሚሄዱት በሥራ ላይ ያሉ ወታደሮች ናቸው። ለእኛ ትልቁ ትምህርት እዚህ ያለ ይመስለኛል። ጡረተኛው ቁልፍ እንጂ ጠመንጃ አይዝም።

እንግሊዞች ሌላም መንገድ ሞክረዋል። በ1859 በእነርሱ አቆጣጠር ከክራይሚያ ጦርነት ለተመለሱ ሥራ አጥ ወታደሮች «ኮሚሽኔር» የተባለ የበር ጠባቂዎችና የመልእክተኞች ማኅበር ለንደን ላይ ተቋቋመ፤ ካናዳ በ1925 የራሷን መሠረተች። የእነዚህ ሥራ ሥነ ሥርዓት ሳይሆን ተራ ጥበቃ ነው፤ ነገር ግን በወታደሮች ስም በተቋቋመ ድርጅት በኩል ስለሚቀጠሩ ደመወዛቸውን ለብቻቸው ከአሠሪ ጋር አይከራከሩም። ጎጃም ውስጥ ለብዙኃኑ የሚጠቅመው ይህኛው እንደሚሆን ከሒሳቡ እናያለን።

ጡረታው የማይሸፍነው

ወታደር ከሲቪል ሠራተኛ ቀድሞ ይወጣል። ሲቪሉ በ60 ዓመቱ ሲሰናበት፣ ወታደሩ እንደ ማዕረጉ ከዚያ በታች ነው። በጡረታ ሕጉ ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደርና ለፖሊስ 1.65 በመቶ፣ ለሲቪል 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 22 ዓመት ያገለገለ ሃምሳ አለቃ እንግዲህ 30 ሲደመር 19.8፣ ማለትም ከአማካይ ደመወዙ ግማሽ የማይሞላ ያገኛል። ጣሪያው ላይ ለመድረስ ከ34 ዓመት በላይ ማገልገል አለበት። መሠረቱ የትናንት ደመወዝ፣ ገበያው ደግሞ የዛሬ ስለሆነ ክፍተቱ በየዓመቱ ይሰፋል። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ የልጆች ትምህርትና የቤት ኪራይ ነው።

ጡረታ የሌላቸውም ብዙ ናቸው። በ1983 የፈረሰው የደርግ ሠራዊት ከ450 ሺህ በላይ ሰው በትኗል፤ ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ዛሬ 55 ገደማ ነው። በ2015 የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽንም በመላ አገሪቱ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል። ይህ ሁሉ ሰው ሲወጣ በቅድሚያ የሚያንኳኳው የጥበቃ ሥራን በር ነው፤ ሌላ የሙያ ወረቀት የለውም። ፈላጊው ሲበዛ ደመወዙ ይወርዳል።

ከዚህ አንጻር የክብር ዘብነት ሥራ አጥነትን ይፈታል የሚለው ተስፋ ልክ አይደለም። በመላው ጎጃም ያሉ ተስማሚ ቦታዎች ሁሉ ቢከፈቱ እንኳ የሚቀጠረው መቶ የማይሞላ ሰው ነው። የሥራው ጥቅም ሌላ ቦታ ነው፦ ለቀሪው የጥበቃ ሥራ መለኪያ ይሆናል። አንድ ከተማ ለጥቂት የቀድሞ ወታደሮች በሕጉ ልክ ፈረቃና ክፍያ ካቆመ፣ የጎረቤት አሠሪ ያንን አይቶ መጠየቁ አይቀርም፤ ሠራተኛውም ይጠይቃል።

አንድ በር ስንት ሰው ይፈልጋል?

ብዙ ቦታ የተለመደው 24 ሰዓት ገብቶ 24 ሰዓት ማረፍ ነው። ሁለት ሰው ለአንድ በር ማለት ነው። ሳምንቱ 168 ሰዓት ስላለው ለእያንዳንዳቸው በአማካይ 84 ሰዓት ይደርሳቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ትርፍ ሰዓቱም በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ሁለቱ ቢደመሩ 60 ናቸው። 84 ከየትኛውም ወገን ቢታይ ከሕጉ ውጭ ነው። ለትርፍ ሰዓት የሚከፈለውም ተለይቶ ተቀምጧል፦ በቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። በሕጉ መሠረት ቢሠራ ያ አንድ በር ሦስት ተኩል ሰው፣ የዓመት ዕረፍትና ሕመም ሲታሰብ አራት ሰው ይፈልጋል። አሠሪው በኤጀንሲ በኩል ሲቀጥር ለአንድ በር ለአራት ሰው የሚበቃ ይከፍል እንደሆነ ውሉን አይቶ ማወቅ ይቻላል፤ የሚቀረው ከዚያ ውስጥ ለጠባቂው የሚደርሰው ስንት ነው የሚለው ነው።

የክብር ዘቡ ሒሳብ ከዚህ ይለያል። ቤተ መዘክሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ክፍት ነው፣ በሩ ላይ ሁለት ሰው ይቆማል እንበል። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ሰዎችን ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳያንቀሳቅሱ ማቆም አይገባም። ግማሽ ሰዓት ቆሞ አንድ ሰዓት ሌላ ሥራ የሚሠራ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ሰው፣ ለሁለቱ ስድስት ሰው በቀን ያስፈልጋል። ሳምንቱን ሙሉ ክፍት ከሆነ 336 የሰው ሰዓት ይሆናል፤ ለ48 ሲካፈል ሰባት፤ ዕረፍትና ሕመም ሲጨመር ስምንት። ስምንት ደመወዝ ለሁለት ቆሞ ለሚታይ ሰው ብዙ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሰው በቀን የሚቆመው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በቀሪው ጊዜ ያስጎበኛል፣ ትኬት ይቆርጣል፣ የተማሪ ቡድን ያስተናብራል። አስጎብኚና ትኬት ቆራጭ ለብቻ ከመቅጠር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይጠባል። በጀት ያዡ ክፍል ይህን ሰንጠረዥ ሳያይ በሁለት ሰው እንጀምር ካለ፣ በሦስተኛው ወር በሩ ላይ የሚገኘው ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ነው።

የት ይቆማሉ?

በጣም የሚመቸው ደብረ ማርቆስ ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ከተማው ውስጥ ነው፤ ንጉሡ እምባቦ ላይ በ1874 የተሸነፉ፣ ዓድዋ ላይ በ1888 ጦራቸውን ይዘው የተሰለፉ ናቸው። ባሕር ዳር ላይ በዓባይ ዳር የሰማዕታት ሐውልት፣ ከፍታው ላይ የበዛዊት ቤተ መንግሥት አሉ። የዓባይ ፏፏቴ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ በር የለውም፣ እዚያ የሚያስፈልገው መንገድ መሪ ነው። የዘጌና የጣና ደሴቶች አብያተ ክርስቲያናት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። የዕቃ ቤቱ ኃላፊነት የካህናት ነው፤ ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው በቅጽሩ ማቆም ያለ ደብሩ ፈቃድ የሚታሰብ አይደለም። ቢፈለግ ቦታው የጀልባ መውረጃው ነው።

የሥነ ሥርዓት ባህሉ አገሩ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ከለንደን እንዳንቀዳም ያስፈልጋል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚወጣው ፈረሰኛ አሰላለፉን፣ የፈረስ ጌጡን፣ የሽማግሌና የወጣት ቅደም ተከተሉን ያለ ቅጥር አለቃ ያውቀዋል። ሚያዝያ 27 አርበኞች ሲወጡም እንዲሁ። ልዩነቱ እነዚህ የዓመት በዓል መሆናቸው ነው፤ በፈቃድ በዓመት አንድ ቀን የሚሠራውን በደመወዝ በየቀኑ ማሠራት ሌላ ጥንካሬ ይጠይቃል። የሥነ ሥርዓቱን ቅርጽ ግን ከእነርሱ መማር ይሻላል።

ቆሞ መዋል

ወታደር ስለነበረ መቆም ያውቃል ማለት ስሕተት ነው። ሰልፍ ላይ የቆመው በ20 ዓመቱ ነው። ሰው ሳይነቃነቅ ሲቆም ደም ወደ እግሩ ይወርድና ይጠራቀማል። ወደ ልብ የሚመልሰው የባት ጡንቻ መጨማደድ ነው፤ ባቱ ካልሠራ ለአንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል፣ ሰውየው ይወድቃል። ጉልበቱን ወደ ኋላ ቆልፎ የሚቆም ቶሎ ይወድቃል። ከመውደቁ በፊት ያዛጋዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ የሚያየው ከዳር ዳር ይጨልማል። ልምድ ያለው የተራ አለቃ ማዛጋቱን ሲያይ ይቀይረዋል።

መከላከያው ቀላል ነው። ጉልበት ትንሽ ላላ ይበል። በጫማው ውስጥ ጣቶችን መጨበጥና መልቀቅ፣ ክብደትን ከተረከዝ ወደ ጣት በዝግታ ማዘዋወር ከውጭ አይታይም። በድንጋይ ወለል ላይ ጣውላ ይነጠፍ፤ ድንጋይ በጠዋት እግር ያቀዘቅዛል፣ ጉልበትም ይጎዳል። ቀበቶና አንገትጌ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑራቸው። ሰው ከወደቀ ደግፎ ማስቀመጥ ሳይሆን በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ቀበቶና አንገትጌ መፍታት ነው።

በእኛ አገር ከሁሉ የሚረሳው ጾም ነው። ዐቢይ ጾም የሚውለው ባሕር ዳር በሚሞቅባቸው በየካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ አካባቢ ነው። እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ የ58 ዓመት ሰው 7 ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ ቢቆም መውደቁ የሚጠበቅ ነው። ጾሙን ተው ማለት አይቻልም፣ አይገባምም። የፈረቃ ሰንጠረዡ ይቀየር፦ ጿሚዎች ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቁሙ፣ ከዚያ በኋላ በጥላ ውስጥ ያስጎብኙ። ደብረ ማርቆስ ላይ ችግሩ ይገለበጣል፤ ከባሕር ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ክረምቱ ብርድና ዝናብ ነው፣ እዚያ የሚጎዳው እርጥብ ልብስ ለብሶ መቆም ነው።

ከቅጥር በፊት የሚደረገው የጤና ምርመራ ደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታን፣ የእግር ደም ሥር ማበጥን፣ አሮጌ የጥይትና የፍንጣሪ ቁስልን ማየት አለበት። ጆሮም ይመርመር። ከባድ መሣሪያ ላይ የሠራ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ጆሮው ይደክማል፤ «ተጠንቀቅ» ሲባል ዘግይቶ የሚንቀሳቀሰው ስላልሰማ ነው። የሚሰማበት ጆሮ ወደ ትእዛዝ ሰጪው እንዲሆን ማቆም በቂ ነው። እግሩን ያጣ ሰው ደግሞ በዚህ ሥራ ቦታ የለውም መባል የለበትም፤ የታሪክ ክፍሉ ተቀምጦ ይሠራል።

ልብስና መያዣው

የመከላከያን ወይም የፖሊስን መለዮ ያለ ፈቃድ መልበስ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ተመሳሳይ ቀለምም መዘዝ ያመጣል። ዥንጉርጉር ጨርቅ፣ ካኪና ከስክስ ጫማ ስለዚህ ከሐሳቡ ይውጡ። እውነተኛ የአንበሳ ጎፈርም እንዲሁ፤ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያስጠይቃል፣ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በደንብ ከተሠራ ከሩቅ አይለይም። ከቤተ መዘክር የወጣ ጋሻ፣ ካባ ወይም ሰይፍ በፍጹም አይለበስም፣ አይያዝም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠብቀው ቅርስ ነው፤ ላብና የእጅ ቅባት የቆየ ቆዳንና ሐርን ይበላል። ቅጂ ይሠራ።

ለአንድ ሰው የዘወትር ሁለት ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲለበስ። ወፍራም የሸማ ጨርቅ በጋ ላይ ያምራል፤ ዝናብ ሲነካው ይከብዳል፣ ጭቃ ይስባል፣ በአንድ ቀን አይደርቅም። ለደብረ ማርቆስ ክረምት የሱፍ ካባና ውኃ የማያስገባ ጫማ የግድ ነው። ካባውና ጎፈሩ ለየካቲት 23፣ ለሚያዝያ 27፣ ለጥምቀትና ለትልቅ እንግዳ ይቀመጡ። የቆዳ ጋሻ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይሻግታል፤ ግድግዳ ላይ ሳይነካ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀል። ጦሩ ከበሩ ቁመት አንድ ክንድ ያነሰ ይሁን፣ ጫፉም ይደንዝ። ዘቡ ሲዞር ጦሩ መቃኑን ወይም ጎብኚን ሊመታ ይችላል።

ሜዳሊያ የራሱን ብቻ ያድርግ። ከገበያ የተገዛ ሜዳሊያ አንድ ሰው ላይ ከተገኘ የሌሎቹም እውነተኛ ሜዳሊያ ይጠረጠራል።

የሚነገረው ታሪክ

እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚከብደው። ወታደር የትእዛዝ ድምፅ አለው፤ የማስጎብኘት ድምፅ ሌላ ነው። ትእዛዝ አጭርና የማያስመልስ ነው፣ ጎብኚ ግን ይጠይቃል፣ ይጠራጠራል፣ ልጁ መሃል ገብቶ ያቋርጣል። የሚያስፈልገው 20 ደቂቃ የማይሞላ፣ በጽሑፍ የጸደቀ፣ በቃል የተጠና ታሪክ ነው። ካልተጻፈ ስምንቱ ሰዎች ስምንት ታሪክ ይናገራሉ።

ዓመተ ምሕረት የሚደባለቅበት ቦታ ታዋቂ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ በኩል ጎጃም የገቡት ጥር 12 ቀን 1933፣ ደብረ ማርቆስ የደረሱት መጋቢት 28፣ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። ሦስቱን አንድ ቀን አድርጎ የሚተርክ ሰው ሞልቷል፤ የታሪክ ተማሪ ቡድን ፊት ሲሳሳት ሁለተኛ አይታመንም።

ከቀን የሚከብደው ፍርድ ነው። በላይ ዘለቀ ጣሊያንን ለዓመታት የተዋጋ አርበኛ ነው፤ በ1937 ደግሞ የሰቀለው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነው። ራስ ኃይሉ የጎጃም ባላባትና የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው፤ ከጣሊያን ጋር ማበራቸውም የታወቀ ነው። ዘቡ አንዱን ብቻ መርጦ ቢተርክ ከጎብኚው ግማሹ ይቀየማል። ሁለቱም ይነገሩ፤ አስተያየቱ ለሰሚው ይተው። የራሱን ጦርነትስ? አንዱ የደርግ ወታደር ነበር፣ ሌላው ደርግን የወጋ፣ ሦስተኛው የባድመ ዘማች። ደንቡ ቀላል ቢሆን ይሻላል፦ ሥራ ላይ የራስ ዘመቻ አይተረክም፤ ጎብኚ ከጠየቀ የክፍሉን ስምና ዓመቱን ተናግሮ ያበቃል። ይህ ሰውየውን ከሌላው ባልደረባው ጋር ከመጋጨት ያድነዋል፣ ሊነካ የማይፈልገውንም ቁስል አይነካበትም።

ሥራውን የሚቃወሙ ወገኖች ጠንካራው ክርክርም ከዚህ ይነሣል። ሽማግሌ ወታደርን ለፎቶ ማቆም ውርደት ነው ይላሉ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሰውየው የሚቆመው ለመታየት ብቻ ከሆነ፣ ጎብኚ ትከሻውን እያቀፈ ፎቶ ተነሥቶ ሳንቲም ጥሎለት የሚሄድ ከሆነ ልክ ናቸው። የሚያውቅ፣ የሚያስረዳ፣ «አይነካም» ብሎ የሚከለክል ሥልጣን ያለው ሠራተኛ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለዚህ ነው ታሪኩን ማጥናት ከሰልፉ የሚቀድመው። የጎብኚ ጉርሻም በግል ኪስ አይግባ፤ በተቆለፈ የጋራ ሣጥን ገብቶ በወሩ መጨረሻ በሁለት ሰው ፊት ተቆጥሮ እኩል ይከፈል።

የማዕረግ ጣጣም አለ። የቀድሞ ሻምበል በቀድሞ አሥር አለቃ ሥር ሊመደብ ይችላል። መጠሪያው እንዳለ ይቀጥል፣ «ሻምበል» መባሉ አይቅርበት፤ የተራ አለቃነቱ ግን በየሦስት ወሩ ይዙር። የዞረ ሥልጣን ቂም አያስቋጥርም።

ተኩስ፣ ድንጋጤና አሁን ያለው ሁኔታ

ጎጃም ውስጥ ሠርግም ጥምቀትም ተኩስ አያጣውም። ጦርነት ያየ ሰው ድንገተኛ ተኩስ ሲሰማ ሰውነቱ ከአእምሮው ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፤ ይተኛል፣ ይሸሸጋል ወይም አጠገቡ ያለውን ይይዛል። ፈሪነት ሳይሆን በሥልጠናና በአደጋ የተቀረጸ ምላሽ ነው። በቅጥር ጊዜ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ቅዠት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ በበዓላት ቀን ማን ከሕዝብ መሃል እንደሚርቅ አስቀድሞ መስማማት ይገባል። ይህን በመናገሩ ሥራውን የሚያጣ ከሆነ ማንም አይናገርም።

ከ2015 ሐምሌ ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለው ግጭት ይህን ሁሉ ያወሳስበዋል። ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው በአንዱ ወገን የሌላው ወገን ሰው ተደርጎ ሊታይ ይችላል፤ የቀድሞ ወታደር ሲሆን ጥርጣሬው እጥፍ ነው። ሰላም እስኪመጣ ይቆይ የሚሉት ሰዎች ፍርሃት ስለዚህ መሠረት አለው። እኔ የምስማማው በግማሹ ነው። በአደባባይና በመንገድ ዳር ማቆም አሁን ሰውየውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ታሪኩን መጻፍ፣ ማስረጃ ማሰባሰብ፣ በቤተ መዘክር ውስጥ በሲቪል ልብስ ተማሪ ማስጎብኘት ግን ሊጠብቅ አይገባም፤ አዛውንቶቹ እየሞቱ ነው። ሲጀመርም ሁለት ነገር አይታለፍም። መሣሪያ አይኖርም፤ ለሰላምታ ተኩስ እንኳ፣ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚያስከትለው ፈቃድና ቁጥጥር አለና። ቀጣሪው ደግሞ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ወይም ማዘጋጃ ቤት ይሁን እንጂ የጸጥታ ቢሮ አይሁን። የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም ሰውየው ማን እንደሆነ ለሰፈሩ ይናገራል።

ውሉ ውስጥ የሚገባው

ቅጥሩ በቃል አይሁን። የሥራ ሰዓቱ፣ የቆሞ ተራው ርዝመት፣ የበዓል ቀን ክፍያው፣ ልብሱን ማን እንደሚገዛና እንደሚያሳጥብ፣ ሥራ ላይ ቢወድቅ ሕክምናውን ማን እንደሚችል ይጻፍ። ጡረታ የሚቀበል ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት እንደገና መቀጠሩ አበሉን ይነካ እንደሆነ ከማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በቃል የተሰጠ መልስ ከስድስት ወር በኋላ ዋጋ የለውም።

የሚቀጠረው ሰው የቀድሞ ወታደር መሆኑን የሚያሳየው የስንብት ደብዳቤው ወይም የጡረታ መታወቂያው ነው። በ1983 ከተበተኑት ብዙዎቹ ይህ የላቸውም፤ ወረቀቱ በሽሽት ጠፍቷል፣ ወይም ከመጀመሪያው አልተሰጣቸውም። በወረቀት ብቻ መምረጥ እነርሱን በሙሉ ይጥላል፣ ያለ ወረቀት መቀበል ደግሞ ያልዘመተውን ያስገባል። የሚሠራ መንገድ አለ። አመልካቹ የክፍሉን ስም፣ የሠለጠነበትን ጣቢያ፣ የአዛዦቹን ስምና የነበረባቸውን ግንባሮች ለብቻው ያስጽፍ፤ በዚያው ክፍል አገልግለው ማስረጃ ያላቸው ሦስት ሰዎች ደግሞ ተለያይተው ይጠየቁ፤ ቃላቸው ከቃሉ ጋር ይመሳከር። የምስክሮቹ ስም በፋይሉ ይያዝ፣ ሐሰት ቢሆን እነርሱም እንደሚጠየቁ አስቀድሞ ይነገራቸው። ይህ ሥራ ከሁሉ ቀድሞ መጀመር ያለበት ነው፤ መስካሪዎቹም ዕድሜያቸው ገፍቷል።